እጁ ለማይደርስ ገዢ መጻፍ
በጫንጮ ለአርቢዎች፣ ለነጋዴዎችና ለወጣቶች የቀረበ ዲስኩር

በግብዣው ደብዳቤ ላይ ጥያቄያችሁን አጥርታችሁ አስቀምጣችኋል፦ ልጆቻችሁ ላሙንም፣ ድርቆሹንም፣ ያገለገለውንም ዕቃ በስልክ ለጨረታ ያወጣሉ፤ ፎቶውን የሚያየው ብዙ ነው፣ ዋጋ የሚሰጠው ግን ጥቂት። ምን ብለን እንጻፍ? ነው የምትሉት።

መልሴን አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ የቀረውን ሰዓት እሱን ስናፍታታ እንቆያለን። የዕቃ መግለጫ የሚጻፈው እጁ ዕቃው ላይ ለማይደርስ ሰው ነው። ስለዚህ ያ ሰው ቢመጣ በእጁ፣ በዓይኑና በአፍንጫው የሚፈትሸውን ሁሉ ጽሑፉ ይፈትሽለት። ይህን ደጋግሜ እላለሁና አትሰልቹኝ።

ገበያ ላይ የሚሆነውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ላም ሊገዛ የመጣ ሰው ሻጩን በግማሽ ጆሮ እየሰማ አፏን ከፍቶ ጥርሷን ያያል። ጡቶቿን አንድ በአንድ ይሞክራል። ጥቂት ያስኬዳትና ማነከስ አለማነከሷን ይመለከታል። ድርቆሽ የሚገዛው ደግሞ እጁን እስሩ መሃል ድረስ ሰዶ አንድ ጭብጥ መዞ ያሸታል፤ ሻጋታ ካለ አፍንጫው ይነግረዋል። እንዲህ በሚፈትሽ ሰው ፊት የሻጭ ንግግር ከማጣፈጫ አያልፍም። ቴሌግራም ላይ ዋጋ የሚሰጠው ግን ቡራዩ ወይ ሰበታ ተቀምጦ ነው፤ ምናልባትም ሐዋሳ። ያለው አንድ ፎቶና የእናንተ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እንጽፍለታለን? «አሪፍ ላም፣ በጣም ንጹሕ፣ ለቁም ነገረኛ ገዢ፣ ዋጋ በኢንቦክስ።» እስቲ ይህን እንፈትሸው። አሪፍነቷን የትኛው ጣት ዳስሶ ያገኘዋል? ንጹሕ ማለትስ ታጥባለች ማለት ነው ወይስ በሽታ የለባትም? «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። ጨረታ ሰዎች አንዱ የሌላውን ዋጋ እያዩ የሚፎካከሩበት ነገር ነው፤ ዋጋውን ከደበቃችሁት ጨረታ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ በጆሮው የሚነገር ሽያጭ ሆነ።

አሁን ወደ ነጥቦቼ ልግባ። ከሁሉ የሚከብደውን አስቀድማለሁ።

አንደኛው ነጥብ፦ ጉድለቱን እናንተው ተናገሩት

ኢቤይ የሚባለውን የዓለማችንን ትልቁን የኢንተርኔት ጨረታ ገበያ ሳትሰሙ አትቀሩም። የመሠረተው ፒየር ኦሚድያር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1995። በዚያ ገበያ መጀመሪያ ላይ ከተሸጡት ዕቃዎች ስሙ የቀረው አንድ የተበላሸ የሌዘር ጠቋሚ ነው፤ በስብሰባ ላይ ሰሌዳውን በቀይ ብርሃን የሚጠቁሙባት ትንሽ መሣሪያ። በ14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ተሸጠ። ኦሚድያር ገርሞት ገዢውን «መበላሸቱን አውቀሃል?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየው አዎ፣ የተበላሹ ጠቋሚዎችን እሰበስባለሁ አለ። መበላሸቱ ባይነገር ኖሮ ይህ ሰው ዕቃውን አይፈልገውም ነበር፤ የሚሠራ መስሎት የገዛ ሌላ ሰው ደግሞ ገንዘቤን መልስ ብሎ ይመጣ ነበር።

ነገሩ ከዚህም ይጠልቃል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ከዚህ ሥራው የተነሣ ነው። ፍሬ ነገሩን በሱሉልታ ሜዳ ፈረስ የሸጠ ሰው ሁሉ ትምህርት ቤት ሳይገባ ያውቀዋል፦ ገዢ ደኅናውን ከድኩሙ መለየት ካልቻለ ለሁሉም የመካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። ደኅና መኪና ያለው ሰው በዚያ ዋጋ አልሸጥም ብሎ ይወጣል። ገበያው ላይ ድኩሙ ብቻ ይቀራል። ገዢውም ይህን ስለሚያውቅ ዋጋውን ይባስ ያወርደዋል።

በእኛ ላም እንየው። ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ነው የምናገረው፣ ነገ ገበያ ላይ እንዳትይዙኝ። ጤነኛዋ ላም 150 ሺህ ብር ታወጣለች እንበል። የእናንተዋ አንድ ጡቷ ስለማይሰጥ ትክክለኛ ዋጋዋ 125 ሺህ ነው። ይህን ሳትጽፉ ብትቀሩ ገዢው 150 ሺህ የሚሰጣችሁ ይመስላችኋል? አይሰጥም። ዝም ያለ ሻጭ ሲያይ ያሰላል፦ ጡቷ ሊሆን ይችላል፣ ትራገጥ ይሆናል፣ እርጅናም ይኖራል፣ ምናልባት ታማም ይሆናል። ለእያንዳንዱ ፍርሃት ከዋጋው ላይ ይቀንስና 100 ሺህ ይላል፤ ወይም ምንም ሳይል ያልፋል። አንዱን ጉድለት በግልጽ ስትጽፉለት ግን የቀሩት ሦስት ፍርሃቶች አብረው ይቀላሉ፤ ይህን የነገረኝ ሰው ሌላውንም አይደብቀኝም ይላልና። በጨረታ ደግሞ የደፈረ አንድ ሰው ብቻ አይበቃም፤ ዋጋውን የሚያስወጣው ሁለተኛው ደፋር ነው።

ሕጉም ከጎናችሁ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ገዢው ሲዋዋል ጉድለቱን እያወቀ ከገዛ ግን በዚያ ጉድለት መልሶ ሊከራከራችሁ አይችልም። ስለዚህ «የኋላ ግራ ጡቷ አይሰጥም» ብሎ በጽሑፍ ማስቀመጥ ለገዢው ብቻ የሚደረግ ደግነት እንዳይመስላችሁ። የእናንተም መከላከያ ነው፤ ያውም ቀንና ሰዓት ያለበት፣ ስልክ ላይ የሚቀር።

አጻጻፉ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ትንሽ ችግር አለው» ከዝምታም ይከፋል፤ ሰው በሐሳቡ የሚያሳድገው ትንሽ ችግርን ነው። ጉድለቱ የት ቦታ ላይ እንዳለ፣ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነና ምን ሥራ እንደሚከለክል ጻፉ። «የፍሪጁ በር ላስቲክ ከታች በኩል አንድ ስንዝር ተቀዷል፤ ያቀዘቅዛል፣ ግን በሩ ካልተገፋ አይገጥምም።» በቃ። እንዲህ ከተጻፈ ገዢው የላስቲኩን ዋጋ ጠይቆ አስቦ ይመጣል። ጉድለቱንም አራት ስልክ ቁጥር ሥር አትቅበሩት፤ ከመግለጫው ወገብ ላይ ይቀመጥ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል፦ ተላላፊ በሽታ የያዘው ከብት በመግለጫ የሚድን አይደለም። ወደ እንስሳት ሐኪም ይሄዳል እንጂ ወደ ጨረታ አይሄድም።

ሁለተኛው፦ ልኩን ጻፉ

ቅጽል እጅ የለውም፤ ልክ ግን እጅ አለው። «ብዙ ወተት» ከማለት «በዚህ ሳምንት ጠዋት 7፣ ማታ 5 ሊትር» ማለት ይሻላል። «በዚህ ሳምንት» የምትለዋን አደራ እንዳትዘሏት። ላም በወለደች ሰሞን የምትሰጠውና ከስድስት ወር በኋላ የምትሰጠው እኩል እንዳልሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ሰበታ ያለው ገዢም ያውቃል። ከወለደች ስንት ወሯ እንደሆነ ካልተጻፈ የሊትሩ ቁጥር ምንም አይነግረውም።

ድርቆሽም እንደዚሁ ነው። «200 እስር» ማለት የአንዱ እስር ክብደት ካልታወቀ ባዶ ነው፤ የአንዱ ቤት እስር የሌላው ቤት ግማሽ ሊሆን ይችላል። አምስት እስር መዝናችሁ አማካዩን ጻፉ። መቼ እንደታጨደ፣ ዝናብ ነክቶት እንደሆነ፣ ከጣሪያ ሥር እንደሆነ ወይም በሜዳ ላይ እንደተከመረ ጨምሩ። ስልክ የምትሸጡ ወጣቶች የባትሪውን መቶኛ ከነፎቶው አሳዩ፤ ስንት ጊጋ እንደሆነ፣ ተከፍቶ ተጠግኖ ከሆነም ምኑ እንደተቀየረ ንገሩ።

እኛ አገር የሚገጥሙ ሁለት ጉድጓዶች አሉ። አንዱ ዓመት ነው። «የ2008 ሞዴል መኪና» ሲባል በማን አቆጣጠር? በእኛ ከሆነ መኪናው በሰባት ስምንት ዓመት አዲስ ይሆናል፤ በዋጋ ያለው ልዩነት ደግሞ የትየለሌ ነው። ሁለተኛው ሰዓት ነው። «ጨረታው 2 ሰዓት ይዘጋል» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆኖ ለእናቱ ላም ሊገዛ የፈለገው ልጅ ከሰዓት በኋላ ነው ብሎ ስድስት ሰዓት ይሳሳታል። ስልኩም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሚያሳየው። «እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍ ደቂቃ አይፈጅም።

ልክን በተመለከተ በጋዜጣ ከሚወጡት የባንክ ሐራጅ ማስታወቂያዎች የምንማረው አለን። ደረቅ ናቸው፣ ማንም ለደስታ አያነባቸውም። ነገር ግን የሰሌዳ ቁጥሩን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የሞተር ቁጥሩን፣ የሥሪት ዘመኑን፣ መነሻ ዋጋውን፣ በሲፒኦ የሚያዘውን ገንዘብና ንብረቱ የሚጎበኝበትን ቀን አሟልተው ይነግሯችኋል። ዕቃው የትኛው እንደሆነ ጥርጥር አይኖርም። አንድ ነገር ብቻ ይጎድላቸዋል፦ «ባለበት ሁኔታ ይሸጣል» ይሉና ሁኔታው ምን እንደሆነ አይናገሩም። ከእነሱ መለያውን እንውሰድ፣ «ባለበት ሁኔታ» የምትለዋን ግን እንተውላቸው። ባንክ ጥበቃና ግቢ አለው፣ ሰው ሄዶ ያያል። እናንተ ያላችሁ ጽሑፍ ነው።

ሦስተኛው፦ ከየት እንደመጣ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጥለው እዚህ ነውና።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ላይ፣ ኮሮና ዓለምን በዘጋበት ሰሞን፣ የኢትዮጵያ ቡና ለመጀመሪያ ጊዜ «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» በሚባለው ውድድር ቀርቦ በኢንተርኔት ጨረታ ተሸጠ። ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ተወዳድረው 28 ቡናዎች ለጨረታ አለፉ። አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ወጣ። ፓውንድ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም። በዚያው ሰሞን በኒውዮርክ ገበያ አረቢካ ቡና በፓውንድ አንድ ዶላር ገደማ ነበር።

ይህ ዋጋ በጽሑፍ ብቻ መጣ ብላችሁ ውሸት አልነግራችሁም። ቡናው ምርጥ ነበር፣ ዳኞችም ቀምሰው ነጥብ ሰጥተውታል። ነገር ግን ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ዋጋ ሲሰጥ ፊቱ የነበረው ምን እንደሆነ አስቡ፦ የአርሶ አደሩ ስም፣ ቡናው የበቀለበት ቦታ፣ ከፍታው፣ ዝርያው፣ ታጥቦ ነው ወይስ ከነገለፈቱ የደረቀ፣ የዳኞች ነጥብ፣ ምን ምን እንደሚሸት። «ምርጥ ቡና» የሚል ቃል ብቻውን አልቀረበለትም። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ፣ የአብዛኛው አርሶ አደር ቡና በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ከሌላው ጋር ይቀላቀል ነበር። አሠራሩ ለክፍያ ዋስትናና ለዋጋ መረጃ ጠቅሟል፤ የአርሶ አደሩን ስም ግን ከጆንያው ላይ አንሥቶታል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይት ሕግ መንገዱን ባይከፍት ኖሮ ስምን ይዞ ወደ ውጭ መሸጥ ይከብድ ነበር። ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ ዋጋ ይናገራል።

አሁን ወደ ቤታችሁ ሣጥን እንግባ። ከአያት የቀረ ጠገራ ብር ያላችሁ ትኖራላችሁ። ልጆቻችሁ ፎቶ አንሥተው «የ1780 ዓ.ም. ጥንታዊ ብር፣ ብርቅ» ብለው ይለጥፉታል። ሰብሳቢ ይህን ሲያነብ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ጠገራው ላይ ምስሏ ያለው ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ከዚያ በኋላ የታተመው ጠገራ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የሚወጣው። በቪየና ታትሟል፤ ፋሺስት ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት ዘመን ሮም ውስጥ ታትሟል፤ ለንደን፣ ፓሪስና ቦምቤይም አትመውታል። ስለዚህ 1780 ዕድሜውን አይነግርም። የሚነግረው ሌላ ነው፦ ክብደቱ 28 ግራም አካባቢ ነው? ብሩ በሺህ 833 ንጹሕ መሆን አለበት። ጠርዙ ላይ ከፍ ብለው የተቀረጹት ፊደላት ይነበባሉ? የንግሥቲቱ ጌጥ ዕንቁዎች አልተፋቁም? አያቶቻችን ዕንቁዎቹን ቆጥረው ይቀበሉ የነበሩት ለዚህ ነው። ጥሩ መግለጫ እንዲህ ይላል፦ «ጠገራ ብር፣ በኋላ ዘመን የታተመ ሊሆን ይችላል፤ ክብደቱ ይህን ያህል፤ ጠርዙ ግልጽ ነው፤ አልተወለወለም።» የመጨረሻዋን ቃል ልብ በሉ። ለጨረታ ሲሉ በአሸዋና በሎሚ የሚያብረቀርቁት አሉ፤ ሰብሳቢ የተወለወለ ሳንቲም አይወድም፣ ዋጋውን ይቀንሰዋል።

ስለ ቅርስ ስንነጋገር ሌላ ነገር አለ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ኒውካስል፣ እንግሊዝ አገር ያለ አንድ የጨረታ ቤት የኢትዮጵያ ጋሻ ለሽያጭ አወጣ። ጋሻው ላይ መቅደላ የሚል ስምና ከአፄ ቴዎድሮስ ሞት ጋር የሚገጥመው ቀን፣ ማለትም የእኛው ሚያዝያ 6 ቀን 1860፣ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ነበር። ይህ መረጃ ከጨረታው በፊት በመግለጫው ወጣ፤ ኢትዮጵያ ጋሻው ከጨረታ እንዲወጣ ጠየቀች፤ ወጣ። በኋላም ተገዝቶ በ2017 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። ይታያችሁ፣ «የአፍሪካ ቆዳ ጋሻ፣ አሮጌ» ብለው ጽፈውት ቢሆን ማን ያውቀው ነበር? ከየት እንደመጣ የሚናገር መግለጫ ለሻጩ ብቻ አይሠራም፤ አንዳንዴ ባለቤቱን ይጠራል። ለእናንተ ያለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ይህ ነው፦ የብራና መጽሐፍ፣ ጥንታዊ መስቀል፣ የቤተ ክርስቲያን ንዋይ ካያችሁ አትለጥፉት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ 209/1992 የተከለከለ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ

ርዕሱ ላይ ገዢው ፈልጎ የሚጽፈውን ቃል አስቀድሙ፤ የዕቃውን ዓይነት፣ ሞዴሉን፣ ቦታውን። «ሰርፕራይዝ!!!» ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። የመኪናና የስልክ ስም በአማርኛም በላቲን ፊደልም ይጻፍ። የጫንጮ ዕቃ ከሆነ በኦሮምኛም ድገሙት፤ ከገዢዎቻችሁ ብዙው በዚያ ቋንቋ ነው የሚፈልገው። ፎቶ በቀን ብርሃን፣ ከአራት በኩል፣ ጉድለቱንም ከቅርብ አንሡ። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ ላም ፎቶ ላይ የራሱን ላም ስም የጻፈ ሰው አይቻለሁ፤ ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ።

የጨረታው ደንብም የመግለጫው አካል ነው። መነሻ ዋጋው ስንት ነው፣ አንድ ሰው ቢያንስ ስንት መጨመር አለበት፣ መቼ ይዘጋል፣ ማጓጓዣው በማን ነው፣ መጥቶ ማየት ይቻላል ወይ? ገንዘቡ በቴሌብርም ይሁን በባንክ፣ ገዢው አይቶ ከተረከበ በኋላ እንደሚከፈል ጻፉ፤ አስቀድማችሁ ላኩ ካላችሁ ሰው አጭበርባሪ ናቸው ብሎ ይሸሻል፣ አይፈረድበትም። ወቅቱንም አስቡ። ዐቢይ ጾም ሲገባ የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ የምትታለብ ላም በሁዳዴ መጀመሪያ ለጨረታ የሚያወጣ ሰው ከራሱ ዋጋ ጋር ነው የሚጣላው። በወንድም ስልክ ዋጋ ማስጨመርን ግን እርሱት። ያ ማጭበርበር ነው፤ ሲታወቅ ደግሞ፣ ይታወቃልም፣ የሚቀጥለውን ዕቃችሁን የሚያይ አይኖርም።

ይህን ሁሉ ያልኩት አንድ ላይ ሲሆን ምን ይመስላል? ለምሳሌ ያህል የጻፍኳት ላም እነሆ፦

«የወተት ላም፣ ሆልስታይን ዲቃላ፣ 3ኛ ወላድ፣ ጫንጮ። ከወለደች ሁለት ወሯ ነው፤ ሴት ጥጃዋ አብራ ትሸጣለች። በዚህ ሳምንት ጠዋት 7፣ ማታ 5 ሊትር ታልባለች። የኋላ ግራ ጡቷ አይሰጥም፤ ባለፈው ወሊድ የጡት በሽታ ይዟት ታክማ ድናለች፣ ያ ጡት ግን አልተመለሰም። ስትታለብ አትራገጥም፣ ሴት ልጄ ነች የምታልባት። የምትበላው ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ነው። የምትሸጠው መኖ ስለተወደደብን ነው። ቅዳሜ ማለዳ ስትታለብ መጥቶ ማየት ይቻላል። መነሻ 90 ሺህ ብር፣ ጭማሪ ከ1 ሺህ ብር አያንስም። ጨረታው እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይዘጋል። ማጓጓዣ በገዢው።»

ስንት ቅጽል አያችሁ? አንድም «አሪፍ» የለም። ግን «ሴት ልጄ ነች የምታልባት» የምትለው ስለ ላሚቱ ጠባይ ከአሥር «ረጋ ያለች» ይበልጥ ትናገራለች። «ስትታለብ መጥቶ ማየት ይቻላል» የሚለው ደግሞ የሊትሩ ቁጥር እንዲታመን ያደርጋል፤ የዋሸ ሰው ኑና እዩ አይልም።

ወደ እናንተ ጥያቄ ከመሄዴ በፊት አንዱን እኔው ላንሣው፤ ሁሌም ይመጣልና። «ጎረቤቴ እየዋሸ ይሸጣል፣ እኔ እውነቱን ብጽፍ አልጎዳም ወይ?» ትላላችሁ። በመጀመሪያው ሽያጭ ልትጎዱ ትችላላችሁ፤ ይህን አልደብቃችሁም። የውሸታሙ ላም ከእናንተዋ በአሥር ሺህ ልትበልጥ ትችላለች። ነገር ግን እዚህ አካባቢ ያለ ሰው አንድ ላም ሸጦ አይጠፋም፤ በሚቀጥለው ዓመት ጊደር፣ ከዚያ ድርቆሽ፣ ከዚያ ሞተር ይሸጣል፣ በዚያው ስልክ ቁጥር፣ በዚያው ቻናል። ቡራዩ ያለው ገዢም ያው ሰው ነው፤ ለባልንጀራውም ይነግራል።

እንግዲህ በየወንበሩ ላይ ባዶ ወረቀት አለ። ቤታችሁ ካለው አንድ ዕቃ ምረጡና በአሥር ደቂቃ መግለጫ ጻፉ። ስም አትጻፉበት። ከዚያ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተለዋወጡ፤ እሱ ዕቃውን አላየውም። ገዢ ሆኖ አንብቦ ያልገባውን ሁሉ በጥያቄ መልክ ከሥሩ ይጻፍላችሁ። ብዙ ጥያቄ የቀረባቸውን ሦስት ወረቀቶች እዚህ መድረክ ላይ አብረን እናስተካክላለን።